ቮልሴ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ምን ልፈትሽ?

ባለ ቮልስ፦ ሰላም ወገኖች። እ.ኤ.አ. የ1967 ቮልስ 1300 አለችኝ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። 20 ደቂቃ ያህል ከሄደች በኋላ ግን መንተፋተፍ ትጀምራለች፤ ማርሚታው ይተኩሳል፣ ከዚያ ቀጥ። ግማሽ ሰዓት ካረፈች ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ካርቡራተር አሳጥቤያለሁ። የቤንዚን ፓምፕ፣ ካንዴላና ኮንደንሰር አዲስ ናቸው። ምን ቀረኝ?

ሞተር ወዳድ፦ ቤንዚኑ በሙቀት ቱቦው ውስጥ እየተነነ ይሆናል። የኔ እንደዚያ ነበር።

አሮጌ እጅ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን በግምት ዕቃ መቀየር ይብቃህ ወንድሜ። ስትጠፋ፣ ሳትቀዘቅዝ እያት። የአየር ማጣሪያውን አንሳና የካርቡራተሩን ጉሮሮ እያየህ የነዳጅ መስጫውን ክንድ በእጅህ ሳብ። ቤንዚን በቀጭኑ ከረጨ ነዳጅ አለ። የረጨው ተንኖ ሲያልቅ ወደ እሳቱ እለፍ። ትርፍ ካንዴላ ኬብሉ ላይ ሰክተህ ብረቱን ከሞተሩ ጋር አስነካ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ሰማያዊ፣ ጠንካራ ብልጭታ ካየህ ደህና ነው። ኬብሉን በባዶ እጅህ እንዳትይዝ! እኔን አንዴ እስከ ክርኔ ነዝሮኛል።

ሞተር ወዳድ፦ የታንኩን ክዳንም ፈታ አድርገህ ሞክር። መተንፈሻው ከተደፈነ ቤንዚን አይመጣም።

ባለ ቮልስ፦ ክዳኑን ከፍቼም ያው ነው። ቤንዚን ይረጫል። እሳቱ ግን ቢጫ፣ ስስ ነገር ነው። ዲስትሪቢዩተሩን (እሳት ማከፋፈያውን) ስከፍት ኮንታክት ፖይንቱ፣ ማለትም እየተከፈተና እየተዘጋ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው፣ ጠቁሮ ተቦርቡሯል። የቀየርኩት ገና ባለፈው ወር ነው!

አሮጌ እጅ፦ እንግዲህ ተያዘ። ኮንደንሰሩ ነው።

ባለ ቮልስ፦ እሱ እኮ አዲስ ነው።

አሮጌ እጅ፦ አዲስ ሁሉ ጤነኛ መሰለህ? ፖይንቱ ሲከፈት የሚዘለውን እሳት የሚውጠው ኮንደንሰሩ ነው። ሲሞቅ ከሰነፈ እሳቱ እዚያው ፖይንቱ ላይ ይቀራል፤ ፖይንቱ ይቃጠላል፣ ካንዴላው ይራባል። የድሮውን ካልጣልከው መልሰህ እሰረው። ፖይንቱን ቀይርና ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አድርገው። ክፍተት ሲነካ ታይሚንጉም (እሳቱ የሚነሳበት ቅጽበት) ስለሚዛባ እሱንም አስተካክል። ከዚህ በኋላም ከጠፋች ቦቢናውን፣ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨውን፣ እንጠረጥራለን።

ባለ ቮልስ፦ የድሮው መሣቢያ ውስጥ ተገኘ! ዛሬ አንድ ሰዓት ሙሉ ነዳኋት፤ አንዴም አልተኮሰች። ፓምፑን ግን በከንቱ ነው የገዛሁት።

ሞተር ወዳድ፦ መለዋወጫ ይሁንህ። ያኛውን ኮንደንሰር ግን ጣለው፤ መሣቢያ ውስጥ እንዳታስቀምጠው።