«በለው!» ብዬ ጮኬያለሁ፤ እኔም ልከሰስ ነው?

ጃኬት ያዡ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እያፈርኩም ቢሆን ልጠይቅ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጓደኛዬ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ከአንድ ሰውዬ ጋር ተጣላ። ሲሰዳደቡ ቆዩና ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ። ያዝኩለት። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል። አየሁት፣ «እማዬ» ይላል። አላነሳሁትም። ከዚያ ከቆሙት ሰዎች ጋር «በለው! በለው!» አልኩ። በቡጢ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከመኪናዬ የጎማ መፍቻ አወጣና የሰውዬውን ክንድ ሰበረው። አሁን ፖሊስ ቃል ስጥ ብሎ ጠርቶኛል። እኔ እኮ ማንንም አልነካሁም። ምን ያስጠይቀኛል?

ሶፊ፦
ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ እዚህ ከመዘርዘርህ በፊት ጠበቃ ማናገር ነበረብህ። ደግሞ ለፖሊስ እንዳትዋሽ።

የድሮ ጠበቃ፦
«አልነካሁም» ብቻውን አያድንም። ሕግ ከመችው ጀርባ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ አነሳሽ ነው፤ ሌላውን ገፋፍቶ ወንጀሉን እንዲያስብ ያደረገው። ሁለተኛው አባሪ ነው፤ እያወቀ በምክር፣ በመረጃ፣ በመሣሪያ ወይም በሌላ ነገር የረዳው። በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አነሳሽ አንቀጽ 36 ላይ፣ አባሪ አንቀጽ 37 ላይ ነው። ጀርመን ውስጥ አነሳሹ እንደ ዋናው አድራጊ ይቀጣል፣ የረዳቱ ቅጣት ግን የግድ ይቀነሳል።

አንተ ጋ ስንመጣ፣ ጓደኛህ ጃኬቱን ሲያወልቅ ሊደባደብ ቆርጧል። የቆረጠን ሰው «አነሳሳው» ማለት ይከብዳል። ማበረታታት ግን ራሱ እርዳታ ሊሆን ይችላል። የጎማ መፍቻው ያንተ መሆኑ ብዙ አያሳስበኝም፤ አውቀህ አልሰጠኸውማ። የሚያሳስበኝ «በለው» ስትል ያሰብከው ነው። ቡጢ ወይስ ብረት? የኢትዮጵያ ሕግ፣ ተነሳሺው ከታሰበው አልፎ ከሄደ አነሳሹን የሚጠይቀው ላሰበው ወይም ሊገምተው ይችል ለነበረው ብቻ ነው። ብረቱን እያየህ መጮህህን ቀጥለህ ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ቃል ቀላል እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1952 ክሮይደን፣ እንግሊዝ ውስጥ፣ ሁለት ልጆች ለስርቆት መጋዘን ጣሪያ ላይ ወጡ። ክሪስ ክሬግ 16 ዓመቱ ነው፣ ሽጉጥ ይዟል። ቤንትሌይ 19 ነው። ፖሊስ ቤንትሌይን ያዘው። ፖሊሶቹ እንዳሉት ያኔ ጓደኛውን «ስጠው፣ ክሪስ!» አለው። በአማርኛም ያው ሁለት ትርጉም ነው። ሽጉጡን ስጠው? ወይስ በጥይት ስጠው? ልጆቹ ራሳቸው ቃሉ ጭራሽ አልተባለም ብለው ካዱ። ክሬግ ተኩሶ አንድ ፖሊስ ገደለ፤ ዕድሜው ለስቅላት ስላልደረሰ ታሰረ። ያልተኮሰው ቤንትሌይ በጃንዋሪ 1953 ተሰቀለ። ፍርዱ የተሻረለት በ1998 ነው። ይሄን ታሪክ ሳነብ ሁሌ ያንገበግበኛል።

ተከራካሪው፦
መገመት የምትለዋ ላይ ትንሽ ልጨምር። እዚያው እንግሊዝ፣ አብሮ ለወንጀል የወጣ ሰው «ጓደኛዬ ሊገድል ይችላል» ብሎ ከገመተ ብቻ በግድያ ይፈረድበት ነበር። ከ30 ዓመት በላይ እንዲህ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጆጊ በሚባል ተከሳሽ መዝገብ ላይ ተሳስተን ነበር አለ። መገመቱ ለሐሳቡ ማስረጃ ይሆናል እንጂ የሐሳብን ቦታ አይተካም። እና እንደ አገሩ ነው።

ጃኬት ያዡ፦
አመሰግናለሁ። ብረቱን ሲያወጣ አይቼዋለሁ። መጮህ ያቆምኩት ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ፣ እውነቱን ለመናገር እየተምታታብኝ ነው። ደግሞ ከጸቡ በኋላ በመኪናዬ ቤቱ አድርሼዋለሁ። ይሄም ይቆጠራል እንዴ?

የድሮ ጠበቃ፦
እሱ ለብቻው የሚታይ ነው፤ ከወንጀሉ በኋላ መርዳት ይባላል። ቤቱ ማድረስ አንድ ነገር ነው፣ እንዳይያዝ ማሸሽ ሌላ። ለመሆኑ ብረቱ የት ነው ያለው?

ጃኬት ያዡ፦
መኪናዬ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ሥር። በጃኬቱ ጠቅልሎት ነው የወረደው።

የድሮ ጠበቃ፦
እንዳትነካው። እንዳታጥበው። እንዳትጥለው። ዛሬውኑ ጠበቃ ያዝና እሱ የሚልህን ስማ። እዚህም መጻፍ ይብቃህ።