ከኮቪድ በኋላ 8 ወር ያልለቀቀኝ ድካም፦ እንዴት ነው የምትይዙት? የትኛውንስ ጥናት ልመን?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮቪድ ከያዘኝ 8 ወር አለፈኝ። ሳሉና ትኩሳቱ በሁለት ሳምንት ተወኝ፣ ድካሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። ተኝቼ ስነሳ የሚለቀኝ ድካም እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ሰኞ ደህና ስለነበርኩ ቤቱን ጠራረግኩ፣ ልብስ አጠብኩ፣ ማታ ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ሰዓት ያህል በስልክ አወራሁ። ማክሰኞም ምንም አልሆንኩም። ረቡዕ ጠዋት ግን ማበጠሪያ ይዤ እጄን እስከ ጭንቅላቴ ማንሳት አቃተኝ። ጉሮሮዬ እንደ መጀመሪያው ቀን ቆሰለ፣ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ፣ የማወራው እየጠፋብኝ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ተሳነኝ። እስከ እሁድ ከአልጋ አልወረድኩም።

የደም ምርመራው ኖርማል ነው ተባልኩ። ሐኪሙ ስፖርት ጀምሪ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሪበት አለኝ። ሞከርኩ፣ ባሰብኝ። ቤተሰብ ደግሞ ሰነፍሽ እያለኝ ነው።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። ቀኑን እንዴት ነው የምታሳልፉት? ሌላው፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ «መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና አነባለሁ፣ ልቤ ይንጠለጠላል፣ በሳምንቱ ሌላ ይመጣና ያኛው ይረሳል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፣ ከታመመ 6 ዓመት የሆነው

እህቴ፣ አይዞሽ። ስንፍና አይደለም። ረቡዕ የጣለሽ የሰኞው ሥራ ነው። ይሄ ነገር ስም አለው፣ ከእንቅስቃሴ በኋላ የሚመጣ መባባስ፣ በአጭሩ ፒኢኤም ይሉታል። ብዙ ጊዜ ወዲያው አይመጣም፣ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚያገረሸው፣ ለዚህ ነው ሰው ከምን እንደመጣበት የማያውቀው። የአሜሪካው የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት ኤምኢ/ሲኤፍኤስ የሚባለውን፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከባድ የድካም በሽታ ለመለየት ይህ ምልክት የግድ መኖር አለበት ብሏል። የኔ ከኮቪድ በፊት በኤፕስታይን ባር ቫይረስ የጀመረ ነው፣ አንቺ የጻፍሽውን ሳነብ ግን የራሴን ማስታወሻ ያነበብኩ መሰለኝ።

ስለ ስፖርቱ፦ የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ናይስ እ.ኤ.አ. በ2007 እንቅስቃሴን ደረጃ በደረጃ መጨመርን ይመክር ነበር። በጥቅምት 2021 ያንን ምክር ከመመሪያው አወጣው። ይህን ለሐኪምሽ አሳዪው፣ ብዙዎቹ የተማሩት በአሮጌው ነው።

እኔን የጠቀመኝ አቅምን መመጠን ነው። ሲደክመኝ ሳይሆን ሳይደክመኝ ነው የማቆመው። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዢ፣ የሠራሽውን ጻፊ፣ ከሁለት ቀን በኋላ እንዴት እንደሆንሽ አጠገቡ ጻፊ። ስልክ ማውራትም ማንበብም ሥራ ነው፣ ቁጠሪው። እኔ ሻወር የምወስደው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የስልኬን ሰዓት 15 ደቂቃ ላይ እሞላዋለሁ፣ ሲጮህ የያዝኩትን ሰሃን እንኳ ሳላለቀልቅ ትቼ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ እጋደማለሁ፣ ስልክም አልነካም። ሳህኑን ግማሽ ታጥቦ መተው ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ከሁሉ የሚከብደው ደህና የሆንሽበት ቀን ነው፣ ያኔ ነው የተጠራቀመውን ሁሉ ልጨርስ የምትዪው።

መልስ፣ አጭር

እኔ ከኮቪድ በኋላ በእግር ጉዞ ነው የዳንኩት። ተስፋ አትቁረጪ፣ ተንቀሳቀሺ።

መልስ፣ ነርስ የሆነች

ወንድሜ፣ እንኳን ዳንክ። ግን በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን የማያገረሽበት ሰውና የሚያገረሽበት ሰው አንድ ምክር አይሰጣቸውም። እሷ ሞክራው ብሶባታል።

እህቴ፣ «ኖርማል» የተባለው ምን ምን እንደሆነ ወረቀቱን አውጥተሽ እዪ። ታይሮይድ፣ የደም ማነስ፣ ብረት፣ ቢ12 ታይተዋል? ካልታዩ ጠይቂ። ሁሉንም በቫይረሱ ማሳበብም አደጋ አለው። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ሂጂ።

ሌላ፣ ስትቆሚ ልብሽ ይመታል ወይ? ለ10 ደቂቃ ተጋደሚና የልብ ምትሽን ቁጠሪ። ከዚያ ጀርባሽን ግድግዳ ላይ ደገፍ አድርገሽ ቁሚ፣ እስከ 10 ደቂቃ በየደቂቃው ቁጠሪና ጻፊ። የግድ ሰው አጠገብሽ ይኑር፣ ካዞረሽ ወዲያው ተቀመጪ። የደም ግፊት ሳይወርድ ምቱ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ እዚያው ከቆየ ፖትስ የሚባለው (ሲቆሙ የልብ ምት ከልክ በላይ የሚፈጥንበት ሕመም) ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ለሐኪም ውሰጂ። ለሱ የሚደረግ ነገር አለ፦ ፈሳሽ፣ ጨው (ግፊት ካለብሽ ሳትጠይቂ አይሆንም)፣ እግር የሚጨብጥ ካልሲ፣ መድኃኒትም አለ። ሐኪም «ደከመኝ» ሲባል የሚይዘው የለውም፣ ቁጥር ሲያይ ግን ያዳምጣል።

መልስ፣ ጥናቶቹን የምትከታተል

ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 በርገን፣ ኖርዌይ ያሉ ሐኪሞች ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት በ30 የኤምኢ/ሲኤፍኤስ ታማሚዎች ላይ ሞክረው ጥሩ ውጤት አገኙ። ያን ጊዜ አልቅሻለሁ፣ በደስታ። ከዚያ እነዚያው ሐኪሞች ራሳቸው በ151 ሰዎች ላይ ደገሙት፣ በ2019 ውጤቱ ሲወጣ መድኃኒቱን ያገኙትና መድኃኒትነት የሌለውን ፈሳሽ ያገኙት ልዩነት አልነበራቸውም። ዜናውን ሳይ ሐዘኑ መልሶ አልጋ ላይ ጣለኝ፣ ግን ሐኪሞቹን አከበርኳቸው፣ የራሳቸውን ተስፋ ራሳቸው ፈትነው ውጤቱን ሳይደብቁ አወጡት።

ከዚያ ወዲህ ርዕሱን አይቼ አልደሰትም። ስንት ሰው ላይ ነው? ማነጻጸሪያ ቡድን ነበረው? ሌላ ቡድን ደግሞታል? የኮቪድ መድኃኒቱ ፓክስሎቪድ ሎንግ ኮቪድን (ከኮቪድ በኋላ ለወራት የሚቆየውን ሕመም) ያድናል ሲባል ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ነበር፣ 155 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ለ15 ቀን ተሰጥቶ ሲታይ ከማነጻጸሪያው የተሻለ አልሆነም።

ልብ የሚያሳርፉም አሉ። በ2024 አምስተርዳም ውስጥ 25 የሎንግ ኮቪድ ታማሚዎችንና 21 ጤነኞችን ብስክሌት አስነድተው ከበፊትና ከማግስቱ ከጡንቻቸው ቁራጭ ወስደው አዩ። የታማሚዎቹ ጡንቻ ጉዳቱ በዝቶ፣ ሚቶኮንድሪያው (የሕዋሱ ኃይል አመንጪ) ደክሞ ተገኘ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን «በሐሳብሽ ነው» ለሚልሽ ሰው ጥሩ መልስ ነው። በ2025 ደግሞ ኤዲንብራ ያሉት የዲኮድኤምኢ ተመራማሪዎች ከ15,579 የኤምኢ/ሲኤፍኤስ ታማሚዎች ዘረ መል ተነስተው ከበሽታው ጋር የተያያዙ 8 ቦታዎች አገኙ። ሲወጣ ገና በሌሎች ባለሙያዎች አልተገመገመም ነበር፣ መድኃኒትም አይደለም። ወዴት መፈለግ እንዳለባቸው ግን ያሳያቸዋል።

ዜናውን ሌሊት አታንብቢ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት 20 ደቂቃ ብቻ ነው የምሰጠው፣ እሱም ከአቅሜ የሚቆጠር ነው።

ጠያቂዋ

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ለማንበብ ሦስት ቀን ከፋፍዬ ነው ያነበብኩት። ትናንት እህቴ አጠገቤ ሆና ቆሞ የልብ ምት የመቁጠሩን ምርመራ አደረግን። ተጋድሜ 72 ነበር፣ በ6ኛው ደቂቃ ቆሜ 109 ሆነ፣ ከዚያ ስላዞረኝ ተቀመጥኩ። እህቴ ስትቆጥር ድምጿ ተቀየረ፣ «ሰነፍሽ» ስትለኝ የነበረችው እሷ ናት። ሐሙስ ወረቀቱን ይዘን አብረን እንሄዳለን። ታይሮይዱም አልታየም ነበር፣ እሱንም እጠይቃለሁ። ደብተሩን ጀምሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ፀጉር መታጠብን እንዴት ነው የምትችሉት? ወንበሩ ላይም ሆኜ እጄ ይዝላል።

መልስ፣ ከታመመ 6 ዓመት የሆነው

ከሰውነትሽ ጋር በአንድ ቀን አትታጠቢው። ለብቻው ቀን ስጪው፣ ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ አስደግፊ፣ የቀረውን እህትሽ ትጠብልሽ።