ለአፍሪካ ቀን የጋና ምሽት፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ግንቦት 17 እየደረሰ ነው። ዘንድሮ ጋና እንዲሆን ተስማምተናል። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ ሲመሠረት የያኔው የጋና ፕሬዚዳንት ንክሩማ ከነበሩት መሪዎች አንዱ ናቸውና ምርጫው ይገጥማል። ረቂቁ ይሄ ነው፦ ግማሽ ሰዓት ባህላዊ ጭፈራ (አዶዋ፣ አግባጃ፣ ክፓንሎጎ)፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ዘመናዊ (አዞንቶ)። እስቲ በሉ።

አሰልጣኝ፦ ጋሼ፣ ጭፈራዎቹ ጥሩ ናቸው። ክፍፍሉ ግን አልተዋጠልኝም። ክፓንሎጎ እኮ በጊዜው የወጣት ዳንስ ነበር! እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአክራ ልጆች፣ የጋ ሕዝብ ልጆች፣ የፈጠሩት ነው። ከጎሜና ከሌሎች የቀድሞ ጭፈራዎች ወስደው ሃይላይፍ ከሚባለው የጋና ሙዚቃና ከሮክ ኤንድ ሮል የወገብ እንቅስቃሴ ጨመሩበት። ትልልቆቹ «ይሄ ምን የሚሉት ብልግና ነው» ብለው ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በ1965 ንክሩማ ፊት ቀርቦ ነው ይሁንታ ያገኘው። ዛሬ ከበሮ የሚማር ፈረንጅ ሁሉ «ባህላዊ» ብሎ ይማረዋል። አዞንቶም እዚያው ጋዎች ዘንድ የበቀለ ነው። ሁለቱን በሻይ አትለያዩብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሻዩን ግን አደራ። ሰው የሚቆየው ለሱ ነው።

ጸሐፊ፦ አዶዋ የለቅሶ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። በበዓል ቀን ይሆናል?

አሰልጣኝ፦ ለቅሶም ላይ ደስታም ላይ ይጨፈራል። ልዩነቱን የሚናገረው እጅ ነው። ሁለት እጅ ራስ ላይ ከወጣ ሐዘን ነው። እኛ የደስታውን እናሳያለን። ሴትየዋ ከመጀመሯ በፊት ወደ ከበሮዎቹ ጠጋ ብላ፣ ጎንበስ ብላ ፈቃድ ትጠይቃለች። ከዚያ እርምጃዋ አጫጭር ነው። የእጇ አንጓ ይዞራል፣ ጣቶቿ ያወራሉ። ጭፈራዋ ልቡን የነካው ሰው ወደሷ ይሄድና የቀኝ እጁን ሌባ ጣትና መሃል ጣት ከራሷ በላይ ያነሳላታል። እኛ ግንባር ላይ ብር እንደምንለጥፈው በሉት። ይቺን ነገር ተመልካቹ ቀድሞ ካወቀ ራሱ ይሳተፋል።

የወጣቶች ክፍል፦ አዞንቶን ለኛ ተዉት። ጉልበት ሸብረክ፣ በእግር ጣት ዞር ዞር፣ እጅ ደግሞ የቀን ሥራ ያሳያል፦ ልብስ ማጠብ፣ መኪና መንዳት፣ ስልክ ማውራት፣ ቦክስ። ቦክሱ ዝም ብሎ አልመጣም፤ የአክራው ቡኮም የቦክሰኞች ሰፈር ነው። ሐሳባችን ሕዝቡ የራሱን ሥራ በአዞንቶ እንዲያሳይ ነው። የታክሲ ረዳት፣ ቡና የምትቆላ፣ ሊስትሮ። ለነገሩ ለጋና ወጣት አዞንቶ ራሱ አሁን የድሮ ነው፤ ከፈነዳ ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ስንት ዳንስ መጥቶ ሄዷል።

ጸሐፊ፦ ተመቸኝ። እኔ ደግሞ መድረኩን ልቃወም። እ.ኤ.አ. በ1962 አክራ ውስጥ ሌጎን በሚገኘው የጋና ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የጋና የዳንስ ቡድን የየአካባቢውን ጭፈራ ወደ መድረክ አምጥቷል፤ ለዚያ ክብር ይገባዋል። እኛ ግን ትንሽ አዳራሽ ነው ያለን። ወንበሩን ክብ እናድርገው። እንደ ባህል ምግብ ቤት በየሦስት ደቂቃው ልብስ መቀያየሩ ይቅር።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ ወጪም ይቀንሳል። ከበሮውስ? በእኛ ከበሮ «አዶዋ» ብንል ያስቁብናል።

አሰልጣኝ፦ ትክክል። አቱምፓን የሚባለው የአዶዋ ከበሮ ጥንድ ነው፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ድምፅ። ትዊ የሚባለውን የጋና ቋንቋ ዜማ ተከትሎ ስለሚናገር ሌላ ከበሮ አይተካውም። ለጋና ኤምባሲ ደብዳቤ እንጻፍ። እዚህ ከሚኖሩት ጋናውያን መሃል የሚመታ አይጠፋም።

ጸሐፊ፦ አግባጃን ማንም አላነሳውም፤ መቀነሱ ነው እንዴ? ቆንጆ ነበር።

አሰልጣኝ፦ የሌላ ሕዝብ፣ የኤዌዎች ነው፣ ራሱን የቻለ ምሽት ይፈልጋል። ነካ አድርጎ ከማለፍ ይቆየን።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ረቂቁ ተቀየረ። በአዶዋ እንከፍታለን፤ አጭር፣ ከማብራሪያ ጋር። ከዚያ ሻይ። ከሻይ በኋላ አክራ ገብተን ጎሜ፣ ክፓንሎጎ፣ አዞንቶ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ ሕዝቡም ይገባበታል። «ባህላዊ» እና «ዘመናዊ» የሚለው ከፖስተሩ ይወጣል። ጸሐፊ፣ የኤምባሲውን ደብዳቤ እስከ ሐሙስ አድርሺልኝ። ከበሮ ካልተገኘ አዶዋን እንሰርዛለን ወይስ በቅጂ እናስኬደው? እሱ ላይ ድምፅ ስጡ።

አሰልጣኝ፦ በቅጂ አይሆንም። ፈቃዱን ከማን ትጠይቃለች፣ ከስፒከሩ?