ጥቆማ፦ ለናይጄሪያ ፍራይድ ራይስ ካሪና ሩዝ ለንደን ውስጥ ከየት ልግዛ?

የቮክስሆሏ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለቤቴ ናይጄሪያዊ ነው፣ የሌጎስ ልጅ። እናቱ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ይመጣሉ። ጆሎፉን፣ ያን በቲማቲም የሚሠራውን ቀይ ሩዝ፣ እሱ ይሠራል። ፍራይድ ራይሱን ለእኔ ጣለው። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ገንፎ ሆነ። ሁለተኛው ፍሬ ፍሬው ተለያይቶ ወጣ፣ ግን ቤቱ በሙሉ የሕንድ ምግብ ቤት ሸተተ። ባለቤቴ ቀምሶ «ጥሩ ነው» አለ። በእሱ ቋንቋ «ጥሩ ነው» ማለት «አትድገሚው» ማለት ነው።

ካሪው የቱ ይሻላል? ሩዙስ፣ ባስማቲ ወይስ ኢዚ ኩክ የሚባለው? ለዕቃው ፔክሃም ልሂድ ወይስ ሪድሊ ሮድ? 36 ቁጥር አውቶቡስ ፔክሃም ያደርሰኛል፣ ግን ሪድሊ ሮድ ይረክሳል የሚሉ አሉ። ሁለቱንም የሞከረ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ናቲ፦
ፔክሃም። ምን ያጠራጥራል! ራይ ሌን ላይ ከባቡር ጣቢያው ወጥተሽ ብዙ ሳትሄጂ የሚጠበሰው ሙዝ ፕላንቴን በይ፣ ሥራ ሥሩ ያም በይ፣ የደረቀ አሳ በይ፣ ካሪ በየዓይነቱ ታገኛለሽ። አንዱ ሱቅ ቢያሳጣሽ ሌላው ጎኑ ነው።

የዳልስተን ሰው፦
ሪድሊ ሮድ። ከዳልስተን ኪንግስላንድ ጣቢያ ወጥተሽ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። አንድ ሰውዬ አለ፣ 11 ዓመት ከእሱ ነው የምገዛው። በክረምት ዝናብ ሲመታኝ ሻይ አጠጥቶኛል። ሌላ ጋ እንዳትሄጂ።

የቮክስሆሏ፦
እሺ፣ አመሰግናለሁ። ካሪ ምን ምን ዓይነት አለው?

የዳልስተን ሰው፦
ካሪ ገዝቼ አላውቅም። እኔ ፍየል ሥጋና ሽንኩርት ነው የምገዛው። ግን ካለው ጥሩው ነው የሚሆነው። እሱ መጥፎ ዕቃ አይዝም።

አይ ሰው፦
በቃ፣ ለካሪው ፍየሉ ምስክር ሆነለት።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሽታው ለምን የሕንድ እንደሆነ ልንገርሽ። ማድራስ ነው አይደል የተጠቀምሽው? ማድራስ ከሙን ይበዛዋል፣ ያቃጥላልም። ናይጄሪያዎች ለዚህ ምግብ የሚፈልጉት ካሪ ለስለስ ያለ፣ እርዱ ጎላ ያለ ነው። ላየን የሚባለውን ወይም ዱክሮስን ጠይቂ። ጎረቤቴ የኢባዳን ሰው ናት፣ ከዱክሮስ ውጭ ወደ ቤቷ አይገባም። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። በላየን ቀለሙ ይደምቃል፣ በዱክሮስ ሽታው ይሻላል። ደግሞ ካሪ ብቻውን አይበቃም። ጦስኝ ካልገባበት ያ የምታውቂው የናይጄሪያ ድግስ ሽታ አይመጣም።

ሉባንጃ፦
ጦስኝ ካላችሁ አይቀር፣ እኅቴ ከባሌ የላከችልኝ አለ። እሱ አይሆንም?

የሁለት ልጆች እናት፦
እሱን ሻይ ጠጪበት። እኔ ሞክሬ አፍሬያለሁ። የእኛ ጦስኝ ኃይለኛ ነው፣ ሩዙ በሙሉ የሻይ ሽታ ያዘ። ልጄ «እማ፣ ስኳሩስ?» አለችኝ። ሱቅ ያለውን ደረቁን የፈረንጅ ጦስኝ፣ ታይም የሚሉትን ግዙ።

ብርቱካን፦
ከየትም ግዢ፣ ብቻ ራስሽ ሥሪው። ከሰው እጅ እንዳታዝዢ። ባለፈው ሐምሌ የልጄ ክርስትና ነበር። የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች ናይጄሪያዎችና ጋናዎች ስለሆኑ ከእንጀራው ጎን ሁለት ትልልቅ ትሪ ፍራይድ ራይስ አዘዝኩ። ስም አልጠራም፣ ቤቷ የምትሠራ ሴት ናት። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ጠዋት አራት ሰዓት ይደርሳል የተባለው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ፎይሉን ስገልጠው መጀመሪያ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ከዚያ ሽታው። ሊጥ! እውነቴን ነው፣ ያቦካሁት ሊጥ ክዳኑ ተከፍቶ መስሎኝ ዞር ብዬ ባልዲውን አየሁ። ባልዲው እንደተከደነ ነው። የቦካው ሩዙ ነው። አማቴ አንድ ማንኪያ ቀምሰው ምንም ሳይሉ ሳህኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ያ መግፋት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ስደውልላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «የናይጄሪያ ፍራይድ ራይስ እንደዚያ ነው፣ ስላልለመድሽው ነው።» ስላልለመድኩት! ባልደረቦቹ እኮ ከናይጄሪያ ነው የመጡት፣ እነሱም አልለመዱትም። ቀብዴም እንደወጣ ቀረ።

ናቲ፦
የት ሰፈር ናት? በውስጥ መስመር ንገሪን።

ማሂ፦
ይህችን ሴት የማውቃት መሰለኝ። መኪናዋ ቀይ ናት?

ብርቱካን፦
ግራጫ።

ማሂ፦
እንግዲያው ሌላ ናት። የእኔዋም ግን አበላሽታብኛለች። ዶሮው ውስጡ ደም ነበር።

ፀሐይ፦
እኔ ደግሞ ኬክ ነው የተበላሸብኝ። የልጄ ስም ተሳስቶ ተጻፈ።

አይ ሰው፦
ሐምሌ ወር፣ የተከደነ ፎይል፣ መኪና ውስጥ ሦስት ሰዓት። ይህ ሩዝ ድግስ ሳይሆን ሳውና ነው የዋለው።

ሼፍ ነኝ ባይ፦
ቀልዱ ልክ ነው። ፍራይድ ራይስ ከጆሎፍ ቀድሞ ይበላሻል፣ ናይጄሪያዎች ራሳቸው ድግስ ላይ የሚፈሩት ነው። ካሮቱ፣ አተሩ፣ ፎሶሊያው ውኃ ያወጣል። ትኩሱን ከከደንሽው እንፋሎቱ ተመልሶ ይወርድና ሙቅና እርጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ለባክቴሪያ ሠርግ ነው። ሩዝ ላይ ያለው ባክቴሪያ ደግሞ ቅቀላውን የሚቋቋም ዘር አለው፣ ስለዚህ «በስሎ የለም እንዴ» አይሠራም። እዚህ እንግሊዝ የሚመከረው የበሰለ ሩዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ በርዶ ፍሪጅ እንዲገባ፣ ከአንድ ቀን በላይም እንዳይቆይ ነው። ማሞቅም አንዴ ብቻ። የቮክስሆሏ፣ ዓርብ ማታ ሠርተሽ ምድጃ ላይ አታሳድሪው።

የቮክስሆሏ፦
ብርቱካን፣ አዝናለሁ፣ ያናድዳል። ወገኖቼ፣ እኔ ግን አላዝዝም፣ ራሴ ነው የምሠራው። ሩዙን የመለሰልኝ የለም።

የፒያሳ ልጅ፦
ፍራይድ ራይስ ይቅርብሽ። ጆሎፍ ሥሪላቸው። የጋናውን ግን፣ ይጣፍጣል።

ናቲ፦
ለሌጎስ እናት የጋና ጆሎፍ? ሁለቱ አገሮች እኮ በጆሎፍ ይፎካከራሉ። ትዳሯን ልታፈርስ ነው እንዴ?

ሼፍ ነኝ ባይ፦
የሁለቱም ሥር ሴኔጋል ነው። ስሙ ራሱ ከዎሎፍ ሕዝብ ስም የመጣ ነው። የሴኔጋሉ ቼቡ ጄን፣ የሩዝና የአሳ ምግቡ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የፒያሳ ልጅ፦
ሴኔጋል ሄደህ ታውቃለህ?

ሼፍ ነኝ ባይ፦
አላውቅም። አንተስ ጋና?

የፒያሳ ልጅ፦
ጎረቤቴ ጋናዊ ነው።

ሰብለ፦
እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የፎገራ ሩዝ ለዚህ ይሆናል?

የሁለት ልጆች እናት፦
ለእንጀራ ከጤፍ ጋር ደባልቂው፣ ያምራል። ለዚህ ግን ይጣበቃል። የቮክስሆሏ፣ የሩዙ ጥያቄ አለፈን፣ ይቅርታ። ኢዚ ኩክ ሎንግ ግሬን ግዢ። ቶሊ ቦይ የሚለውን በትልቁ ከረጢት ፔክሃምም ሪድሊ ሮድም ታገኛለሽ። ሩዙ ገና ገለባው ሳይወልቅ ተዘፍዝፎ፣ በእንፋሎት በስሎ የደረቀ ስለሆነ ነው የማይጣበቀው። መልኩ ትንሽ ቢጫ ቢል አትደንግጪ። ባስማቲ ሽታው ጥሩ ነው፣ ግን ስታገላብጪው ይሰበራል።

ፀሐይ፦
እኔ በባስማቲ ነው የምሠራው፣ አንድም ቀን አልተሰበረብኝም።

አይ ሰው፦
የኬኩ ስም ላይም እንዲህ ብትጠነቀቂ።

ወለተ፦
የጾም አለው ወይ? ጉበትና ዶሮ ሳይገባበት?

ሉባንጃ፦
አለው። መረቁን በሽንኩርት፣ በካሮት ልጣጭና በጦስኝ ትቀቅያለሽ፣ በጉበት ፋንታ እንጉዳይ። የሾርባ ኪዩቡን ግን ማሸጊያውን አንብቢ፣ አንዳንዶቹ የዶሮ ስብ አለባቸው።

እትዬ ውዴ፦
ልጆች፣ ሱቁ ላይ አትጨቃጨቁ። እኔ አምስት ዓመት የናይጄሪያ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ አትክልት ስከትፍ ነው ያሳለፍኩት። ምግቡ የሚበላሸው እጅ ላይ ነው።

ዶሮውን በሽንኩርት፣ በታይም፣ በካሪ፣ በማጊ የሾርባ ኪዩብና በጨው ቀቅለሽ መረቁን አጥልይ። ሩዙን ውኃው እስኪጠራ እጠቢ። ድስቱ ውስጥ መረቁ ከሩዙ እኩል ይሁን፣ አይብለጠው። መረቁ ሲጠጣለት አንድ ፍሬ በጣትሽ ጨምቂ። ልቡ ትንሽ ጠንከር ካለ አውጪው። ከለሰለሰ አልቋል፣ ኋላ መጥበሻው ላይ ገንፎ ነው የሚሆነው። ያንቺ የመጀመሪያው እዚህ ጋ ነው የተበላሸው። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጊና ይብረድ።

ካሮቱንና ፎሶሊያውን አተር አሳክለሽ ክተፊ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከአተር የበለጠ ካሮት ካየች ማንኪያዋ ላይ አድርጋ ታመጣልኝ ነበር። «ይህ ለማን ነው፣ ለፈረስ ነው?» ትለኛለች። ጉበቱን ለብቻው በጨው ቀቅለሽ፣ ሲበርድ በዚያው መጠን ከትፈሽ ጠበስ አድርጊና አስቀምጪ። ሽሪምፕ ካለሽ እንዲሁ።

አሁን ዋናው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጥበሺ! መጥበሻው በደንብ ይጋል። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ካሪ ዘይቱ ላይ። ቀለሙ የሚወጣው ዘይት ሲነካው ነው፣ ሩዝ ላይ ብትነሰንሺው ጥሬ ጥሬ ይሸታል። አንድ እፍኝ አትክልት፣ ሁለት ደቂቃ። ጉበት። ሁለት ጭልፋ ሩዝ። ቶሎ ቶሎ አገላብጪ። የፈረንጅ ቃሪያና የሽንኩርት ቅጠል ሊወጣ ሲል። ትሪ ላይ ገልብጪና እንደገና ከመጀመሪያው። መጥበሻውን ከሞላሽው አትክልቱ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ለአሥር ሰው ከሆነ አምስት ስድስት ዙር ይሆናል። ትከሻ ይፈልጋል።

ናቲ፦
እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። የምግብ ቤቱን ስም ቢነግሩን?

እትዬ ውዴ፦
ተዘግቷል ልጄ።

የቮክስሆሏ፦
እትዬ ውዴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለካ ካሪውን ሩዙ ላይ ነበር የምነሰንሰው። ጉበቱ የበሬ ነው የበግ?

እትዬ ውዴ፦
የበሬ። ከበሰለ በኋላ በስሱ ካልከተፍሽው እንደ ጎማ ይሆናል።

የዳልስተን ሰው፦
ጉበት ከሆነ እሱ ጋ አለ። አሁንም ሪድሊ ሮድ ነው የምልሽ።

አይ ሰው፦
እኔ ብሆን ዶሮ ወጥ ነው የምሠራላቸው። ፍራይድ ራይስ ሌጎስ መቼ ጠፋና ነው ለንደን ድረስ መጥተው የሚበሉት?

የሁለት ልጆች እናት፦
ይህ ሰው ዛሬ ቁም ነገር ተናገረ። ሁለቱንም አቅርቢ። ከጎኑ ዶዶ የሚሉት የፕላንቴን ጥብስም ይኑር፣ ፕላንቴኑ ልጣጩ ጠቆር ጠቆር ያለውን ምረጪ፣ አረንጓዴው አይጣፍጥም። በርበሬው ከበዛ እንዳትሰጊ፣ እነሱ የሚበሉት ቃሪያ ከእኛ ሚጥሚጣ አያንስም።

ብርቱካን፦
ለማንኛውም ከዚያች ሴትዮ ቀብዴን ለማስመለስ ምን ላድርግ? በደረሰኝ አልከፈልኩም፣ በእጅ ነው የሰጠኋት።

ማሂ፦
የባንክ ዝውውር ቢሆን ይሻልሽ ነበር። እስቲ የላከችልሽን መልእክት አስቀምጪው።

ፀሐይ፦
የቮክስሆሏ፣ ቅዳሜ አለፈ እኮ። አማትሽ ምን አሉ?

ናቲ፦
ፔክሃም ሄድሽ አይደል?

የዳልስተን ሰው፦
ዝም ያለችው ከእሱ ሳትገዛ ቀርታ ነው።

የቮክስሆሏ፦
ሰላም ለዚህ ቤት፣ ስለጠፋሁ ይቅርታ። ለንደን ውስጥ ትልልቅ ድስት የሚያከራይ ሰው የምታውቁ አላችሁ? የባለቤቴ እኅት በጥቅምት ትዳራለች፣ ለ60 ሰው ነው። ፍራይድ ራይሱን እማማ ለእኔ ሰጥተውኛል።

የዳልስተን ሰው፦
እሱ ድስትም ይሸጣል።