«አትፍሪ» እና «አትፍራ» በግሪክኛው፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ለገብርኤል በዓል የብሥራቱን ንባብ ስናጠና አንድ ወንድም የግሪክኛውን አዲስ ኪዳን ይዞ መጣ። መልአኩ በሉቃስ 1፥30 ማርያምን «ሜ ፎቡ» ሲላት፣ በማቴዎስ 1፥20 ዮሴፍ የተባለው ግን «ሜ ፎቤቴስ» ነው። በግእዙ «ኢትፍርሂ» እና «ኢትፍራህ» ከጾታ በቀር አይለያዩም። የግሪክኛውም ልዩነት የጾታ ነውን? ፈሪው ራሱ ሰውዬው ሆኖ ሳለ ግሡስ ስለ ምን የተደራጊ መልክ ያዘ?

የመጀመሪያ መልስ፦
የጾታ አይደለም፤ በሉቃስ 1፥13 ዘካርያስም «ሜ ፎቡ» ተብሏልና። «ፎቡ» ድርጊቱን በሂደት ላይ እንዳለ አድርጎ ሲያሳይ፣ አኦሪስት በሚባለው የግሪክኛ ግሥ መልክ ያለው «ፎቤቴስ» እንደ አንድ ሙሉ ድርጊት ያየዋል። ዘካርያስ ፍርሃት እንደ ወደቀበት ቁጥር 12 ስለሚናገር፣ ትእዛዙ «የያዘህን ፍርሃት ተው» ማለት ይመስላል፤ ዮሴፍ ግን የታዘዘው ማርያምን ለመውሰድ እንዳይፈራ፣ ማለትም ስለ አንድ ቁርጥ ውሳኔ ነው።

ሁለተኛ መልስ፦
ወንድሜ ያሉት ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ስብከት እንዳይመሠረትበት እፈራለሁ። በራእይ 2፥10 ያው የ«ፎቡ» መልክ የተነገረው ገና ሊመጣ ስላለ መከራ ነው፤ ስለዚህ መልኩ ብቻውን የጀመረ ፍርሃትን አያሳይም።

ስለ ተደራጊው፦ መነሻው «ፎቤኦ» ትርጉሙ «አስፈራ» ነው፤ በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር ኢሊያድ ደግሞ «አባሮ አሸሸ» ማለት ሲሆን፣ «ፎቦስ» የሚለው ስምም በዚያ በአብዛኛው ሽብር ያለበትን ሽሽት ያመለክታል። ስለዚህ የሚፈራው ሰው በግሪክኛ እንደ ተሸበረ ሰው ይታያል። እኛ «ፈራ» ከሚለው ተነሥተን «አስፈራ» እንላለን፤ እነርሱ በተገላቢጦሽ ሄደዋል፤ «አሸበረ» እና «ተሸበረ» ግን በትክክል ይመስሏቸዋል። በአዲስ ኪዳን የዚህ ግሥ አድራጊ መልክ ከነጭራሹ የለም። ተደራጊ መልክ ይዞም ተሳቢ መቀበሉ አያስደንቅም፤ የእኛ «ተቀበለ» በ«ተ» ጀምሮ «እንግዳውን ተቀበለ» ይባል የለምን?

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ማርያም ፈርታ ነበር ማለት ይቻላልን?

ሁለተኛ መልስ፦
ከትእዛዙ መልክ ብቻ አይቻልም። ሉቃስ 1፥29 ስለ እርስዋ የሚለው በነገሩ እጅግ መደንገጧንና ማሰቧን ነው፤ በዘካርያስ ላይ የወደቀው «ፎቦስ» በእርስዋ ታሪክ አልተጻፈም።