«ውሻ ቀድሞ ያውቃል» የሚለው ነገር አልዋጥልኝ አለ

የሽምብጥ ልጅ፦ ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ውስጤን እየበላው ነው። ከአሜሪካ፣ ከኮሎራዶ ለእረፍት የመጣው ወንድማችን ጣና ዳር ዓሣ እየበላን ስልኩን አውጥቶ አሳየን። በፈረንጆቹ የበረዶ ወራት፣ ጠባቂ የሌለው ተራራ ላይ ውሻውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ በስኪ፣ እግር ላይ በሚታሰረው የበረዶ መንሸራተቻ፣ ይወርዳል። ውሻዋ በረዶ ውስጥ እየሰመጠች ትከተለዋለች። «የበረዶ ናዳ ቢመጣስ?» አልኩት። «ውሻ ቀድሞ ያውቃል» አለኝ። ሁላችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ምኑን ነው የምታውቀው?

ኮሎራዶ ያለሁት፦ እህቴ፣ ያልኩትን አልክድም። በረዶ ላይ የምትደሰተውን ያህል ሌላ ቦታ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። እኔም ዝም ብዬ አልወጣም። የናዳ ትንበያ በየቀኑ ይወጣል፣ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። 3 ከደረሰ አልወጣም። አንድ ቀን ግን ትንበያው 2 ሆኖ እሷ አልሻገርም ብላ ቁጭ አለች። ተመለስኩ።

የሽምብጥ ልጅ፦ ናዳው ወረደ?

ኮሎራዶ ያለሁት፦ እኔ እያለሁ አልወረደም።

የሽምብጥ ልጅ፦ ታዲያ ማወቋን በምን አወቅህ? ደክሟት ቢሆንስ? ርቧት ቢሆንስ?

የእንስሳት ሐኪሟ፦ በጣቶቿ መሃል በረዶ ተጋግሮ ሊሆንም ይችላል። ያ በጣም ያማል፣ ውሻ በእሱ ምክንያት ቁጭ ይላል። ሌላም ልጨምር። የስኪ ጠርዝ እንደ ቢላ ነው። አጠገብህ የምትሮጥ ውሻ እግሯን ካስገባች ጅማቷን ይቆርጠዋል። ናዳ ሳይመጣም አደጋው አለ።

ዘጌ ማዶ፦ ኧረ ውሻን እንዲህ አታሳንሱት። በናዳ የተቀበረ ሰው ፈልጎ የሚያወጣው ማን ሆነና? ስዊዘርላንድ ባሪ የሚባል ውሻ ነበር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1814 ነው የሞተው። ከ40 በላይ ሰው አትርፏል ይባላል። ዛሬም በርን ሙዚየም ውስጥ ቆዳው ተሞልቶ ቆሟል። «ያውቃል» ሲባል ከሜዳ ተነስቶ አይደለም።

የሽምብጥ ልጅ፦ ወንድሜ፣ እኔ የያዝኩት «ቀድሞ» የምትለዋን ቃል ነው። ባሪ የተቀበረውን ሰው ያገኘው ከተቀበረ በኋላ ነው። ሰው ሽታ አለው። ሊናድ የተዘጋጀ በረዶ ምን ሽታ አለው?

ዘጌ ማዶ፦ አንቺ በረዶ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከባሕር ዳር ሆኖ ስለ ኮሎራዶ ተራራ መፍረድ ይከብዳል።

የሽምብጥ ልጅ፦ አላየሁም። አንተም አላየህም። ያየው ራሱ ይንገረን እንግዲህ።

ኮሎራዶ ያለሁት፦ እሺ፣ እውነቱን ልናገር። ሰው የሚገድለው ናዳ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ከላይ ጠንከር ያለ የበረዶ ንጣፍ አለ። ከታቹ ደግሞ የላላ ንጣፍ ይኖራል። ስትረግጠው የታችኛው ይከዳል፣ የላይኛው ተሰንጥቆ ይዞህ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያጋድል ተዳፋት ላይ ነው። የሚቀሰቅሰውም በአብዛኛው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት የወጣ ሰው ነው። ሽታ የለውም፣ እሱን አምኛለሁ። ግን ሳልዘጋጅ አልሄድም። አካፋ አለኝ፣ በረዶ መውጊያ ዘንግ አለኝ። አንገቴ ላይ፣ ብቀበር የት እንዳለሁ ምልክት የሚልክ ቢከን አለኝ። ለእሷም አንድ ገዝቼ አስሬላታለሁ።

የሽምብጥ ልጅ፦ የእሷና ያንተ አንድ ዓይነት ምልክት ነው የሚልኩት?

ኮሎራዶ ያለሁት፦ አዎ። የሁሉም ሰው ቢከን በ457 ኪሎኸርዝ ነው የሚሠራው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ስለዚህ ሁለታችሁም ብትቀበሩ፣ አብሮህ የወጣው ጓደኛህ ቶሎ የሚያገኘው ምልክት የማን እንደሆነ አያውቅም።

ኮሎራዶ ያለሁት፦ ላያውቅ ይችላል።

የሽምብጥ ልጅ፦ በስንት ደቂቃ ካልወጣችሁ ነው የምትሞቱት?

ኮሎራዶ ያለሁት፦ በ15 ደቂቃ ውስጥ የወጣ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዕድሉ በጣም ይመነምናል።

የሽምብጥ ልጅ፦ እና ጓደኛህ በዚያች 15 ደቂቃ ቆፍሮ ቆፍሮ ውሻዋን ያወጣል። አንተ እዚያው አጠገቧ አየር አጥተህ ትሞታለህ። ለእናትህ ምን ብሎ ይደውልላቸው? እኔ ለውሻዋም አዝናለሁ፣ ላንተም አዝናለሁ። ለዚያ ጓደኛህ ግን ከሁሉም በላይ አዝናለሁ።

ኮሎራዶ ያለሁት፦ ለውሻ ተብሎ የተሠራ፣ በሌላ ሞገድ የሚልክ አለ። እሱን እገዛለሁ።

ዘጌ ማዶ፦ ይኸው፣ መፍትሔ አለው ማለት ነው። ለምን ታስጨንቂዋለሽ?

ታንኳ ቀዛፊ፦ ልጆቼ፣ እኔ በረዶ አላውቅም። ውሃ ግን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ውሻዬን በደንገል ታንኳ ይዤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል እቀዝፍ ነበር። ጉማሬ እንዳለ አውቃለሁ። ጉማሬ አምስት ደቂቃ ያህል ጠልቆ ይቆያል፣ ላዩ ላይ ምንም አይታይም። ውሻዬ ጸጥ ብሎ ተኝቶ ነበር። ድንገት ጉማሬው ቅርብ ላይ ብቅ ሲል ውሻው ወደ ሌላው ጎን ዘለለ። ታንኳው አጋደለና ሁለታችንም ገባን። እኔ ወደ ታንኳው ስዋኝ እሱ ትከሻዬ ላይ ወጣብኝ። ነፍሱን ሊያድን ነው እንጂ ክፋት የለውም። እኔን ግን ወደ ታች ይገፋኛል። ጉማሬው ሳይነካን በመሄዱ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ። ውሻዬ ቀድሞ አላወቀም። ከእኔ እኩል ነው የደነገጠው።

ዘጌ ማዶ፦ ጋሼ፣ እንኳን ተረፉ። ግን እሱ የታንኳው ጥፋት ነው። በሞተር ጀልባ ቢሆን አይገለበጡም ነበር።

ታንኳ ቀዛፊ፦ ልጄ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጣና ሞተርም አይምርም። ደንገል እንኳ ቢገለበጥም ቶሎ አይሰምጥም። ታንኳን አትውቀስብኝ፣ ከነቤተሰቤ ያኖረኝ እሱ ነው።

ኮሎራዶ ያለሁት፦ ጋሼ፣ የነገሩኝ አስደንግጦኛል። ግን አንድ ነገር ከልቤ ልጠይቅ። እዚህ በየግቢው ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ በአንድ ሜትር ሰንሰለት ታስሮ ያረጃል። ስለሱ ማንም ክርክር አልከፈተም። የእኔ ውሻ አደጋ ላይ ናት፣ እሺ። ግን ኖራለች።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ስለ ሰንሰለቱ ልክ ነህ። አንገታቸው ቆስሎ የሚመጡ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል። ነገር ግን ያ ያንተን ትክክል አያደርገውም። ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ባለበት ለጥ ባለ ቦታ፣ ከላይ ተዳፋት በሌለበት ይዘሃት ሂድ። እዚያም በረዶ አለ፣ እዚያም ትሮጣለች። ከፍታውን የምትፈልገው አንተ ነህ።

ዘጌ ማዶ፦ ብቻዋን ቤት ስትቀር የምታለቅሰውስ?

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ማልቀሷ አብራው መሆን እንደምትፈልግ ነው የሚነግርህ። ናዳ ያለበት ተራራ ልውጣ እያለች አይደለም። ባለቤቷ የሄደበት ሁሉ ትሄዳለች። ለዚህ ነው ማሰቡ የባለቤቷ ሥራ የሚሆነው።

ኮሎራዶ ያለሁት፦ ቢከኑን ከአንገቷ አወጣለሁ። ለጓደኛዬ ስል። ተራራውን ግን እተዋለሁ ብዬ አልዋሻችሁም።

የሽምብጥ ልጅ፦ «ቀድሞ ያውቃል» የሚለውንስ?

ኮሎራዶ ያለሁት፦ ያን ቀን ቁጭ ስትል ዓይኗን አላየሽም፣ እህቴ።

ዘጌ ማዶ፦ እኔ አምነዋለሁ።

ታንኳ ቀዛፊ፦ ዘጌ ማዶ፣ ነገ ማለዳ ነፋስ ሳይነሳ ደብረ ማርያም ደሴት አደርስሃለሁ ብዬህ ነበር። ቃሌ ቃል ነው። ውሻህን ግን ቤት ተወው።

ዘጌ ማዶ፦ ጋሼ፣ እሱ ከቀረ እኔም እቀራለሁ።