የሐረማያ ሐይቅ ተመልሷል፤ ሞተሩስ? (ክርክር)

ከፋች፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከብት ሲግጥበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደገና ውሃ ይዟል። ታዲያ ከሐይቁና ከዙሪያው በሞተር እየሳቡ ጫትና አትክልት ማጠጣት ይከልከል ወይስ አይከልከል? ስድብ የለም።

የጀጎል ልጅ፦ ይከልከል! ምኑ ያከራክራል? ያን ጊዜ ሐረር ቧንቧ ስንከፍት የሚወጣው አየር ነበር። እናቴ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ ጄሪካን ታሰልፋለች። ከጎረቤት እንዳይቀላቀልባት እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስርበታለች። ሐይቁ ካለቀ በኋላ ደግሞ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ሽቅብ እየተገፋ ነው የመጣልን። ይህ ሁሉ ለምን? ለጫት!

ባለ ሞተሩ፦ አቦ ተረጋጋ። ጫቱን የሚቅመው ማነው? እኔ የሐይቁ ዳር ልጅ ነኝ። አባቴ ሩብ ሄክታር የማትሞላ መሬት ነው ያለችው። በክረምት ጫት በየቦታው ስለሚደርስ ዋጋው ይወድቃል። ብር የሚገኘው በበጋ ነው፤ በበጋ ደግሞ ያላጠጣ አይቆርጥም። ማሽላ ዝራ ብትለው ልጆቹን በምን ያስተምር? ሐይቁንም ያደረቀው ሞተር ብቻ አይደለም። ተራራው ተራቆተ፣ ደለሉ ወደ ውስጥ ገባ። በጥልቁ ቦታ 8 ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ሳፋ ሆነ። ሐረርም፣ አወዳይም፣ ሐረማያ ከተማም ከዚያው ነበር የሚቀዱት።

የጀጎል ልጅ፦ እኛ ጠጣን፣ እናንተ አጠጣችሁ። ልዩነት አለው።

ውሃ መሐንዲስ፦ ልዩነቱ በሕግም አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ 197/1992 ለቤት ውስጥ የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ይቅደም ይላል። ያው አዋጅ ግን በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አይጠይቅም። እዚህ ጋ ነው ቀዳዳው። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ሲባል ድሮ ባልዲና ገመድ ነው የሚታየን። አሁን በእጅ ይቆፈራል፣ በሞተር ይሳባል። ሒሳቡን ልሥራላችሁ። በሰከንድ 10 ሊትር የሚስብ ሞተር 8 ሰዓት ቢሠራ 288,000 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 14,400። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሞተር።

ደግሞ ሐይቁና የከርሰ ምድሩ ውሃ ሁለት አይደሉም። ሐረማያ መውጫ ወንዝ የሌለው ጎድጓዳ ቦታ ነው። ዳሩ ላይ ጉድጓድ ቆፍረህ ስትስብ ያንኑ ሐይቅ ነው የምትስበው፤ በጓሮ በር ገብተህ። ስለዚህ "ከሐይቁ መሳብ ክልክል ነው" የሚል ታፔላ ብቻውን ፋይዳ የለውም።

ከቆቦ፦ ልግባ? እኛ ጋ በቦይ መስኖ የውሃ አባት አለ። ተራ የሚያሲዝ፣ ተራ የሰረቀን የሚቀጣ፣ ገበሬው ራሱ የመረጠው ሰው። ይፈራል፣ ይከበራል። እናንተም እንዲህ ያለ ሰው ምረጡ። ጠብታ መስኖም ይግባ፣ ውሃ ይቆጥባል።

ውሃ መሐንዲስ፦ ጠብታው ጥሩ ነው፣ ግን ወጥመድ አለው። ገበሬ ውሃ ሲተርፈው ለሐይቁ አይተውለትም፤ ተጨማሪ መሬት ያጠጣበታል። እኔም ብሆን አደርገው ነበር። መጀመሪያ ጣሪያ ይቀመጥ፦ በበጋ ይህን ያህል ሰዓት፣ ከዚያ በላይ የለም። ጠብታው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ባለ ሞተሩ፦ የቆቦው ወንድሜ፣ የውሃ አባት የሚያዋጣው ቦይ ላይ ነው። የላይኛው ሲሰርቅ የታችኛው ወዲያው ያውቃል፣ ውሃው ይቀርበታላ! ጉድጓድ ውስጥ ማን ያያል? የጎረቤቴን የማውቀው በሞተሩ ድምፅ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስካሁን የሚያስቆመን ሕግ ሳይሆን የናፍጣ ዋጋ ነበር። አሁን ሶላር መጣ፤ ድምፅም የለው፣ ናፍጣም አይጠይቅ።

ከቆቦ፦ ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?

ባለ ሞተሩ፦ ይቆጠር። የእኛም ሞተር ይቆጠር፣ ሰዓቱም ይወሰን። ግን የሁሉም ይሁን፤ የትልቁ ሰውዬም። አባቴ ብቻውን ቢያቆም እሱ ያተረፈውን ጎረቤት ይስበዋል፣ እሱም ይህን ያውቃል።

ሐይቁ በደረቀ ጊዜ አባቴ ወለሉ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር። ዙሪያውን በድንጋይ ካበው፣ ዓመታት አጠጣበት። አሁን ውሃው ሲመለስ ጉድጓዱ ከነካቡ ሰጠመ። አባቴ ዳር ቆሞ ሲያየው ዋለ። ደስ ብሎት ነበር፣ እውነቴን ነው። በማግስቱ ሞተሩን 40 እርምጃ ያህል ወደ ላይ ፈቀቅ አድርጎ አስነሳው።